ወርቅ ቅብ ኬብልና የመንዝ ጣሪያ

መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች የመንዝ ከተማ ናት። በዚያ ደጋ ንፋስና ዝናብ ከዲሽ ጋር አይስማሙም። ዜናው መሀል ላይ ድምፁ ይቆራረጣል፤ ያኔ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ በስልክ ይመክራል፦ «ወርቅ ቅብ ጃክ ያለው 75 ኦም ዲጂታል ኬብል ግዙ፤ ድምፁ ይጠራል»። የምክሩ ግማሽ እውነት ነው። ኪስ የሚያራቁተው ሌላው ግማሽ ነው።

75 ኦሙ ተረት አይደለም። ኢምፒዳንስ የሚባለው ኬብሉ ለሚያልፍበት ሞገድ ያለው ጠባይ ነው። ጠባዩ መሀል ላይ ከተለወጠ የሞገዱ ከፊል እንደ ገደል ማሚቶ ወደ ኋላ ይመለሳል። ማሚቶው መጉዳት አለመጉዳቱ ግን እንደ ሞገዱ ርዝመት ነው።

ከኤልኤንቢው ወደ ሪሲቨሩ የሚወርደው ሲግናል ከ950 እስከ 2,150 ሜጋ ኸርዝ ነው። በላይኛው ጫፍ አንዱ ሞገድ ኬብሉ ውስጥ 12 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ጣሪያ ላይ ተጠማዝዞ በፕላስተር የተጠቀለለ፣ ጣት የሚያህል ቅጥያ ትልቅ እንቅፋት ነው፤ ክረምት ውሃ ሲገባበት ደግሞ ይብሳል። ሪሲቨሩ ስህተቱን ማረም እስከቻለ ድረስ ድምፁ ንጹሕ ነው፤ ሲያቅተው ይቆራረጣል። የሚሻክር፣ የሚደበዝዝ መሀል ቤት የለውም።

ከሪሲቨሩ ወደ አምፕሊፋየር የሚሄደው ዲጂታል የድምፅ መስመር ሌላ ነገር ነው። የሲዲ ጥራት ያለው ድምፅ በሰከንድ 2.8 ሚሊዮን ቢት ገደማ ይዞ ያልፋል። በ1 ሜትር ኬብል ማሚቶው ደርሶ የሚመለሰው በ10 ናኖ ሰከንድ ገደማ ሲሆን፣ አጭሩ ምት ግን ከ170 ናኖ ሰከንድ በላይ ይቆያል። ጃኩም ቢሆን፣ የተለመደው አርሲኤ ከመነሻው 75 ኦም እንዲሆን አልተሠራም፤ ወርቅ ቢቀባም አይሆንም። ወርቁ ከዝገት ይጠብቃል፣ በቃ።

ነጋዴው «ጂተርስ?» ይል ይሆናል። እውነት ነው፣ ማሚቶው የምቱን ጊዜ በጥቂቱ ያዛባል፤ በመሣሪያም ይለካል። ደህና መቀየሪያ ግን ይህን አብዛኛውን ያስተካክለዋል። በጆሮ ይለያል የሚል ካለ ሁለቱን ኬብሎች ሸፍኖ፣ የቱ የቱ እንደሆነ ሳይናገር ያሰማ። ደግሞስ ስንት ቤት ነው ድምፁን በቀይና ነጭ ጃክ የሚወስደው? ያ መስመር ዲጂታል እንኳ አይደለም!

ለወርቁ የታሰበው ብር ከዲሹ እስከ ሪሲቨሩ ቅጥያ የሌለው ኬብልና ሁለት በደንብ የታሰሩ ኤፍ ኮኔክተሮች ይግዛ። ኬብሉ ግድግዳውን ከመብሳቱ በፊት ወደ ታች ወርዶ ቢታጠፍ ዝናቡ እዚያው ይንጠባጠባል፤ ለዚህ ደግሞ የሚከፈል ነገር የለም።