የእርግዝና ደም ግፊት ከአራስ ቤት በኋላ የሚያስከትለው መዘዝ

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ባሉት የደጋ ቀበሌዎች፣ ከጎዛምን እስከ ስናን፣ ነፍሰ ጡር ተንቀጥቅጣ ራሷን ስትስት በቃሬዛ ተሸክሞ ወደ መኪና መንገድ ማድረስ የጎረቤት ሁሉ ግዴታ ነው። በሕይወት ስትመለስ ገንፎው ይገነፋል፣ እልልታው ይቀልጣል፤ ነገሩም ያበቃ ይመስላል። ሆኖም አላበቃም።

የእርግዝና ደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ከአምስተኛው ወር በኋላ የሚነሣ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ እናቶችን ከሚገድሉት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው። ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት ይታይበታል። ማግኒዥየም ሰልፌት የተባለው መድኃኒት የመንቀጥቀጡን አደጋ በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ በ33 አገሮች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ጥናት አረጋግጧል። በዚህም የተነሣ ብዙዎች ይተርፋሉ። የተረፉት ወደፊት ምን ይገጥማቸዋል የሚለው ጥያቄ ግን እምብዛም አይነሣም።

በዴንማርክ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሆኑ ወላዶችን መዝገብ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት እንደሚያሳየው፣ በአንጎል ደም ሥሮች ጉዳት ሳቢያ የሚመጣው የመርሳት በሽታ ይህ ሕመም በነበረባቸው ሴቶች ላይ ከሌሎቹ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። እርግጥ በዚህ በሽታ የሚያዙት ጥቂቶች ናቸው። ይበልጥ የተለመደው ደም ግፊቱ ራሱ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ መምጣቱ ሲሆን፣ ይህም ቀጫጭኖቹን የአንጎል ደም ሥሮች ቀስ በቀስ ይጎዳል። በስትሮክ የመመታት ዕድላቸውም ወደ እጥፍ ይጠጋል።

ደም ግፊት ድምፅ የለውም። ውኃ የምትቀዳ፣ አረም የምታርም ሴት ጤነኛ መስላ ትኖራለች። አንድ ቀን ግማሽ አካሏ ሲደነዝዝ ግን መጋኛ መታት ይባላል፤ ወደ ጠበል ትወሰዳለች። ጠበል መጠመቅ ደግሞ ደም ግፊትን ከመለካት የሚያግድ አይደለም።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው ሲሰማሩ ቆይተዋል። የገበሬ ማኅበሩ መዝገብ ግብር ያልከፈለውን በስም ያውቃል፤ በወሊድ ጊዜ የተንቀጠቀጠችውን ግን አያውቃትም። ምስጢሯ ተጠብቆ በጤና ኬላው የቤተሰብ ማኅደር ውስጥ ብትመዘገብ፣ በአራስነቷም ሆነ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ መለካት ይቻላል። የመንቀጥቀጡ አደጋ ከወሊድ በኋላም ስለሚቀጥል አርባ ወይም ሰማንያ ቀን እስኪሞላ መጠበቅ አይገባም። ዳግም ስታረግዝ ደግሞ ታሪኳን ቀድማ ለአዋላጇ ብትነግር፣ በባለሙያ ትእዛዝ ከአምስተኛው ወር በፊት የሚጀመር አነስተኛ መጠን ያለው አስፕሪን ሊታዘዝላት ይችላል። መለካቱ ደቂቃዎች ብቻ የሚፈጅ ሲሆን፣ ቀኑ ከገበያ ቀን ጋር ቢገጥም ሴቶቹ ሌላ መንገድ አይሄዱም።