ውፍረት ሁልጊዜ የጤንነት ምልክት ነውን?

በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት 38 በመቶው የቀነጨሩ ሲሆኑ ከልክ በላይ ክብደት ያላቸው 1 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። መቀንጨርን ሲፈራ የኖረ ወላጅ በልጁ መወፈር ቢደሰት አያስገርምም።

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ግን አኗኗሩ እየተለወጠ ነው። በጀሞና በጎፋ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግቢው በመኪና ሲያዝ ልጅ ቴሌቪዥን ፊት ይውላል፤ ሁለቱም ወላጆች ሥራ ሲውሉ ቆሎና ንፍሮ ለብስኩትና ለለስላሳ መጠጥ ቦታ ይለቃሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ የ60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል።

ስለዚህ ጥፋቱ በእናት ጓዳ ላይ ብቻ ሊጫን አይገባም፤ የመጫወቻ ሜዳም የጤና ጉዳይ ነው። የገበሬው ሽምብራና ገብስ ወደ ልጆች ምሳ ዕቃ ቢመለስ ደግሞ ገጠሩም ከተማውም ይጠቀማሉ።