አውቶቡሱስ መጣ፤ መለዋወጫውስ?

አዲስ አውቶቡስ ከተማ በገባ ቁጥር የምናየው ድራማ አንድ ነው። አውቶቡሶቹ ታጥበው፣ አበባ ተለጥፎባቸው አደባባይ ላይ ይደረደራሉ። ሪባን ይቆረጣል፤ ይጨበጨባል። ባለሥልጣኑ መሪ ጨብጦ ፎቶ ይነሣል። ማታ በዜና «የሕዝቡን የትራንስፖርት ችግር የሚቀርፍ» ይባላል። በማግስቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ አያት አደባባይ የቆመ ሰው ግን ሰልፉ ያው ሰልፍ፣ ግፊያውም ያው ግፊያ ነው። ታዲያ ያ ሁሉ አውቶቡስ የት ገባ?

ከወዲሁ እንግባባ። አውቶቡስ ለምን ተገዛ የሚል ጤነኛ ሰው የለም። ይገዛ! እንዲያውም ይጨመር! የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው። ለመሆኑ አንድ አውቶቡስ «ጥሩ ነው» የሚባለው በምን ተለክቶ ነው? በቀለሙ ነው? በስክሪኑ ነው? ወይስ ከአምስት ዓመት በኋላም ማለዳ ተነሥቶ ሥራ በመውጣቱ?

ይህን ለመጠየቅ ከአያት ነዋሪ የበለጠ መብት ያለው የለም። ነገሩን በዓይኑ አይቶታልና። በ2008 ዓ.ም. ቀላል ባቡሩ ሥራ ሲጀምር ከአያት ተነሥቶ በሲኤምሲ፣ በጉርድ ሾላ፣ በመገናኛ፣ በስታዲየምና በልደታ አድርጎ ጦር ኃይሎች የሚደርሰው መስመር ወደ 17 ኪሎ ሜትር ይረዝም ነበር። ለሁለቱ መስመሮች 475 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር የወጣ ሲሆን፣ 85 በመቶው ከቻይናው ኤክዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። ባቡሮቹ 41 ነበሩ። ወለላቸው በአብዛኛው ዝቅ ያለ ስለሆነ ሽማግሌው በምርኩዙ፣ እናቲቱም ልጇን እንዳዘለች ሰተት ብለው ይገቡ ነበር። ንድፉ ግሩም ነው፤ ማንም አይክደውም።

ከዚያስ? ጥቂት ዓመታት እንኳ በቅጡ ሳይቆጠሩ ባቡሮቹ አንድ በአንድ ዴፖ ገብተው መቅረት ጀመሩ። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ኃላፊዎቹ ራሳቸው እንደተናገሩት ከ41ዱ አብዛኞቹ የቆሙበት ጊዜ ነበር። ምክንያቱ? መለዋወጫ! መለዋወጫው የሚገኘው ከውጭ፣ የሚገዛውም በውጭ ምንዛሪ ነው። የአያት ሰው ዴፖው ደጁ ላይ ሆኖለት፣ ባቡሩ ከአጥር ወዲያ ቆሞ እያየ፣ እሱ ከአጥር ወዲህ ታክሲ ይጋፋል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

በአውቶቡስም ቢሆን ይህ የመጀመሪያችን አይደለም። አንበሳ ከጣሊያን ወረራ ማግስት ጀምሮ ይህችን ከተማ አመላልሷል። ቀይና ቢጫ የተቀባውን የሆላንዱን ዳፍ የማያስታውስ የአዲስ አበባ ልጅ የለም። ደረጃው ከፍ ያለ ነበር፤ አሮጊት እጇን ካልተያዘች አትወጣውም። ሆኖም የአንበሳ መካኒኮች ሆዱን ከፍተው፣ የአንዱን ለአንዱ እየቀየሩ ዓመታት አስኬዱት። ምሥጢሩ የመኪናው ብርታት ብቻ አልነበረም፤ አንድ ዓይነት መኪና በብዛት መኖሩ፣ መካኒኩም እሱን እንደ መዳፉ ማወቁ ነው።

ቀጥሎ በ2002 ዓ.ም. የተቋቋመው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ሕዝቡ ሜቴክ የሚለው ማለት ነው፣ የገጣጠማቸው «ቢሾፍቱ» አውቶቡሶች መጡ። «በአገር ልጅ የተሠራ» ተባለ፤ እኛም ደስ አለን። ሁለት አካላቸው ተቀጣጥሎ የሚሄዱት ረጃጅሞቹም ገቡ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ሸገር የተባለው ድርጅት ሥራ ጀመረ። ብዙ ሳይቆይ ከቢሾፍቱዎቹ ስንቶቹ ለመለዋወጫ ሲባል ጎማቸው እየተፈታ ግቢ ውስጥ ቀሩ! ዛሬ «አዲስ አውቶቡስ» ሲባል ሕዝቡ በጥርጣሬ ቢያይ አይፈረድበትም። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

አሁን ወደ ንድፉ እንምጣ። «ዘመናዊ» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግረንም። ለእኛ ከተማ የሚሆን አውቶቡስ ምን ይመስላል? መጀመሪያ መግቢያው። ወለሉ ከእግረኛ መንገድ በአንድ እርምጃ የሚገባበት ሊሆን ይገባል። ይህ ለአካል ጉዳተኛና ለነፍሰ ጡር ክብር ነው፤ ለሁሉም ደግሞ ሰዓት ነው። ሦስት ደረጃ የሚወጣ ሰውና ሰተት ብሎ የሚገባ ሰው እኩል አይፈጥኑም። በየፌርማታው የምትባክነው ደቂቃ ተደምራ ከአያት ሜክሲኮ ስንት እንደምትሆን ተሳፋሪው ያውቃታል። ግን ወለሉ ዝቅ ያለ አውቶቡስ ጉድጓድ አይወድም። መንገዱን ሳይጠግኑ እሱን መግዛት ሆዱን በድንጋይ እንዲያስፍቁት መፍረድ ነው።

ሁለተኛ ዳገቱ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ያልፋል። እዚህ ያለው አየር የባሕር ዳርቻ ከሚያገኘው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። የናፍጣ ሞተር ደግሞ የሚጎለብተው በአየር ነው። ሰው እላዩ ላይ ተጭኖበት ወደ የካ ተራሮች ዳገት ሲይዝ የሚያቃስተው፣ ጥቁር ጭሱንም በእግረኛው ፊት ላይ የሚለቀው ለዚህ ነው። ለጥ ላለ ሜዳ የታሰበ ሞተር ገዝቶ እንጦጦ ውጣ ማለት ለማን ይበጃል?

በዚህ በኩል በ2017 ዓ.ም. ከተማችን ውስጥ መሥራት የጀመሩት የኤሌክትሪክ አውቶቡሶች ተስፋ አላቸው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ሳሳብኝ አይልም፤ አይጨስም፤ ቁልቁለት ሲወርድም ፍሬኑ ካጠፋው ጉልበት የተወሰነውን ወደ ባትሪው ይመልሳል። ለዳገትና ቁልቁለት ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ማገዱን አስታውቋል፤ ታላቁ የህዳሴ ግድብም በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ናፍጣ በዶላር ከመሸመት በገዛ ወንዛችን መሄድ መልካም ሐሳብ ነው። ይሁን! ግን መብራት በጠፋ ሌሊት ያልተሞላ አውቶቡስ ጠዋት በምን ይወጣል? ዴፖው የራሱ ትራንስፎርመር አለው? ባትሪው ሲደክም በማን ገንዘብ፣ በየትኛው ባለሙያ ይቀየራል? እነዚህ ካልተመለሱ ነገ ከባቡሩ ጎን የሚቆም ሌላ ቆንጆ ሬሳ ገዛን ማለት ነው።

የጎረቤትም ትምህርት አለ። የታንዛንያዋ ዳሬሰላም ልክ እንደኛ ባቡር በ2008 ዓ.ም. የራሳቸው መስመር ያላቸውን ፈጣን አውቶቡሶች ጀመረች። መስመሩ ተመሰገነ። ዴፖው ግን ጃንግዋኒ በሚባል ጎርፍ በሚተኛበት ረባዳ ቦታ ነበርና ክረምት በመጣ ቁጥር ውኃው አውቶቡሶቹን አበላሸ። ሰው አውቶቡሱን ያያል፤ ማደሪያውን ግን ማን ያያል? ነገሩ የሚበላሸው እዚያ ነው።

እንግዲህ ጥያቄያችን አጭር ነው። አንደኛ፣ ግዥ ሲፈጸም መለዋወጫው፣ የመካኒክ ሥልጠናውና የጥገና ውሉ አብሮ ይገዛ፤ ዋጋውም ለሕዝብ ይነገር። ሁለተኛ፣ በየሁለት ዓመቱ ሌላ ሞዴል እያመጡ መጋዘኑን የመቶ ዓይነት ብሎን ሙዚየም ማድረግ ይቁም። ሦስተኛ፣ ከአያትና ከየካ ዳገት የሚሳፈረው ሰው፣ ሾፌሩና መካኒኩ አውቶቡሱ ከመገዛቱ በፊት ይጠየቁ እንጂ መጥቶ ሪባን ሲቆረጥ ለጭብጨባ አይጠሩ።

አራተኛው ከሁሉ ይበልጣል። ስንት አውቶቡስ እንደተገዛ ብቻ አትንገሩን! ዛሬ ጠዋት ስንት እንደወጣ ንገሩን። በየሩብ ዓመቱ «ካሉን አውቶቡሶች ይህን ያህሉ ሥራ ወጡ፤ ይህን ያህሉ ቆሙ፤ የቆሙትም በዚህ ምክንያት ነው» ተብሎ ይለጠፍ። ገንዘቡ የሕዝብ ነው፤ ብድሩንም የሚከፍለው ያ 12 ሰዓት ላይ ብርድ እየጠበሰው የሚሰለፈው ሰው ነው። ቁጥሩን ማወቅ መብቱ እንጂ ልመናው አይደለም።

ሪባን የሚቆረጠው አንድ ቀን ነው። ሰልፉ ግን ነገም አለ።