ያቺ አንዲት ወንበር ማድመቂያ ነበረች?

አቶ ግርማ ሰይፉ በምክር ቤት ቆይታቸው አንድም ሕግ ስላላስቀየሩ የገዢው ፓርቲ ማድመቂያ ነበሩ የሚል አስተያየት ታትሞ አነበብኩ። ጸሐፊው ሒሳቡን የዘነጉት ይመስላል። በ2002ቱ ምርጫ ከ547 መቀመጫ 545ቱን ገዢው ኢሕአዴግና አጋሮቹ ወሰዱ፤ አንዱን የግል ዕጩ አገኘ፤ ከተቃዋሚዎች የገቡት፣ የመድረክ ጥምረትን ወክለው በአዲስ አበባ የተመረጡት ግርማ ብቻ ናቸው። ታዲያ በማን ድምፅ ሕግ ያስቀይሩ?

ሥራቸው ሌላ ነበር። አፈ ጉባኤው የሚቃወም ካለ ሲሉ አንድ እጅ ይወጣል። ሲያወሩት ቀላል ነው፤ ከአምስት መቶ በላይ ሰው እያየህ ብቻህን እጅ ማውጣት ግን ወንበር ከማሞቅ ይለያል። አዋጁ በሙሉ ድምፅ መሆኑ ቀርቶ በ1 ተቃውሞ ጸደቀ ተብሎ ይመዘገባል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሪፖርት ሲያቀርቡም የተቃዋሚ ጥያቄ በቴሌቪዥን ይሰማ ነበር።

ኋላ የኢዜማ ፓርቲ ሰው ሆነው በአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የኢንቨስትመንት ኮሚሽነርነት መሾማቸው ራሱን ችሎ ይተች (እኔም የምለው አለኝ)፤ ያንን ወደ ኋላ ጎትቶ የምክር ቤቱን ዘመን መውቀሻ ማድረግ ግን አያስኬድም። ደግሞም በቀጣዩ የ2007 ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም ጠቅልለው ወሰዱ። ወንበሯ ይህን ያህል የምታደምቃቸው ከነበረ፣ ያለ እሷ መግባት እንዴት አስቻላቸው?