ነጩን ነው ያልኩት

«ቀለም ምን ያደርጋል? ዋናው ውስጡ ነው!» ታብሌት ሊገዛ የተነሳ ሰው ይህን ስብከት ሳይሰማ ከሱቅ አይወጣም። የማያ ገጹ ጠርዝ ጥቁር ይሁን ነጭ ብሎ ትንሽ ያመነታ እንደሆነ አጠገቡ የቆመው ሁሉ ፈላስፋ ይሆናል። ባትሪው ያው፣ ዋጋው ያው፣ ምን ያንገበግብሃል? ሰውየውም ያፍራል። ቅንጡ እንዳይባል፣ ልጅ መስሎ እንዳይታይ፣ «ግድ የለኝም፣ ያለውን ስጠኝ» ብሎ ያልፈለገውን ታቅፎ ይወጣል።

ግድ አለህ እንጂ! ስንት ወር ያጠራቀምከውን ገንዘብ ነው የምታወጣበት። ጠዋት ዜና የምታነብበት፣ ማታ ልጅህ የምታጠናበት፣ ለዓመታት ፊት ለፊትህ የሚቀመጥ ዕቃ ነው። «ውስጡን እይ» የሚልህ ሰው ራሱ መኪና ሲገዛ ውስጡን ብቻ አይቶ ነው የገዛው? ይህ ቀለም ነገ ስሸጠው ዋጋ አያወጣልኝም ብሎ ደላላውን ያስለፋው ማን ነው? ሶፋው ከመጋረጃው ጋር አልሄደልኝም ብሎ ያስመለሰውስ? ለራሱ ሲሆን ቀለም ቁም ነገር ነው፤ ለአንተ ሲሆን ከንቱነት። ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው የሚመክርህ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ «ነጭ ይቆሽሻል» የሚለው ነው። መርካቶ፣ ያገለገሉ አይፓዶች በሚሸጡበት አንድ ሱቅ ውስጥ ቆሜ አንዲት ወጣት ነጩን ስትጠይቅ ሰማሁ። «እህቴ፣ ነጭ እኮ አይሆንሽም፣ ቶሎ ይቆሽሻል» አላትና ሻጩ ጥቁሩን አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አጋደመላት። መብራቱ ሲያርፍበት የነካካው ጣት ሁሉ ወጥቶ ታየ፤ ከጥግ እስከ ጥግ ቅባት። በሸሚዙ እጅጌ ጠረገው። ቅባቱ ተለቀለቀ እንጂ አልለቀቀም። እፍ ብሎበት ደግሞ ጠረገው። ነጩ እዚያው አጠገቡ ነበር፤ ያው ሰው ሁሉ የነካካው ነው፣ ጠርዙ ላይ ግን አንድም አሻራ ዓይን ውስጥ አይገባም። ልጅቷ አየችው። እኔም አየሁት። ሻጩም አይቶታል። ጥቁሩን ገዝታ ሄደች!

ለምን? ነጭ ሲባል ነጠላ ብቻ የሚታያቸው ሰዎች ቀድመው ስላስፈራሯት ነው። ይህ ግን ጨርቅ አይደለም። ቀለሙ ያለው ከመስታወቱ ሥር ነው። ወጥ ቢፈስበት መስታወቱ ላይ ይፈሳል፣ ይጠረጋል፣ አለቀ። ጀርባውም ቢሆን፣ ጥቁር ነጭ ሳይባል፣ በእነዚያ አይፓዶች ሁሉ ያው አሉሚኒየም ነው። ታዲያ የሚቆሽሸው የቱ ነው? ይህን የሚመልስልኝ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። «ይቆሽሻል» እየተባለ ግን መደርደሪያ ላይ የተከማቸው ጥቁር ይሸጣል።

«ነጭ የሴት ነው» ባዮችም አሉ። ወንድ ልጅ ነጭ ታብሌት ይዞ ካፌ ሲቀመጥ ይገላምጡታል። የጥምቀት ዕለት ጃንሜዳን የሚሞላው ምን ቀለም ነው? አያትህ ጋቢውን ደርቦ ለሽምግልና ሲቀመጥ የሴት ለበስክ ብሎ የደፈረው ማን ነው? በነጭ ያደገ ሕዝብ ወንድነቱን በመስታወት ጠርዝ ይለካል? ወሬው ውኃ አያነሳምና ልለፈው።

ቁም ነገሩ ያለው ዓይን ላይ ነው። ቀለም ብቻውን አይታይም፤ ከጎረቤቱ ጋር ነው የሚታየው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ኤውዤን ሸቭረል ፓሪስ በሚገኘው የጎብላን የሽመና ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍሉ ኃላፊ ሳለ፣ ጥቁሩ ክር ደበዘዘ የሚል አቤቱታ መጣበት። ክሩን መረመረ። ከሌላ አገር ክር ጋር አስተያየው። እንከን አልተገኘበትም። ጥፋቱ ከጥቁሩ አጠገብ የተሸመነው ቀለም ነበር! ዓይን ሁለት ቀለም ጎን ለጎን ሲያይ ልዩነታቸውን ያጋንናል። ሸቭረል በዚህ ጉዳይ ላይ የጻፈውን መጽሐፍ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1839 ነው። እንግዲህ «ቀለም ምን ያደርጋል» እያሉ የሚክዱት ይህን ያህል ዘመን የታወቀን ነገር ነው።

ታብሌቱን አንሱና ተመልከቱት። የምናነበው ገጽ በአብዛኛው ነጭ ነው። መጽሐፉ፣ ዜናው፣ ደብዳቤው፣ የቢሮው ሰነድ። ያ ብሩህ ገጽ በጥቁር ሲከበብ ይበልጥ ይንቦገቦጋል፣ ዳርቻው ዓይን ይወጋል። በነጭ ሲከበብ ግን ገጹ ወደ ዳር ይሰፋል፣ ዓይን ያርፋል። የብራና ጸሐፊዎቻችን በጽሑፉ ዙሪያ ያን ሁሉ ባዶ ኅዳግ የተዉት ብራና ተርፏቸው ነው? ለአንድ መጽሐፍ ስንት ፍየል እንደሚታረድ፣ ስንት ቆዳ እንደሚፋቅና እንደሚወጠር እያወቁ ነው የተዉት። ለዓይን ክብር ስለነበራቸው ነው! ነጩ ጠርዝ ለእኔ ያው ኅዳግ ነው።

ፊልም ለማየት ከሆነ ጥቁሩን ውሰድ፣ አልከራከርህም። ጨለማ ትዕይንት በነጭ ሲከበብ ዝርዝሩ ይዋጣል። ገጹ ራሱ ግራጫ ለሆነው የመጽሐፍ ማንበቢያ፣ ለኪንድልም ጥቁሩ ይሻለዋል፤ በጨለማ ጠርዝ ውስጥ ግራጫው ነጣ ብሎ ይታያል። አማዞንም እ.ኤ.አ. በ2010 ሦስተኛውን ኪንድል በነጭም በጥቁር ግራጫም ለገበያ አቅርቦ ነበር። በታብሌት ግን ጥያቄው ይህ ነው፦ አንባቢ ነህ ወይስ ተመልካች? ይህን ጠይቆ ለገዢው የሚመክር ሻጭ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ሠሪዎቹ ነገሩን አሳምረው ያውቁታል። አፕል ነጩን አይፎን 4 ያስተዋወቀው በጁን 2010 ነው። ገበያ ላይ የዋለው በኤፕሪል 2011። አሥር ወር ሙሉ! ነጩ ከፀሐይ ጨረር የተለየ መከላከያ ጠየቀ፣ ከሴንሰሮቹ ጋርም አልግባባ አለ። የመጀመሪያው አይፓድ ጥቁር ጠርዝ ብቻ ነበረው። በማርች 2011 ስቲቭ ጆብስ አይፓድ 2ን ይዞ መድረክ ሲወጣ ነጩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደሚሸጥ በኩራት ተናገረ። ጥቁሩም ነጩም መነሻ ዋጋቸው 499 ዶላር ነበር። ቀለም ከንቱ ከሆነ ያ ሁሉ መሐንዲስ ያን ያህል ጊዜ ለምን ተንገላታ?

አሁን ደግሞ ያ ምርጫ የለም። እ.ኤ.አ. ከ2018ቱ አይፓድ ፕሮ ጀምሮ ነጩ ጠርዝ ከየሞዴሉ እየተነሳ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው አሥረኛው አይፓድ ጀርባው ሰማያዊ አለ፣ ሮዝ አለ፣ ቢጫ አለ፣ ብርማ አለ። ፊቱስ? ሁሉም ጥቁር። ልብ በሉ፦ ለባለቤቱ ዓይን የነበረው ቀለም ተነሳ፣ ለሌላ ሰው ዓይን የሚሆነው በረከተ። ካፌ ውስጥ ፊት ለፊትህ የተቀመጠው ሰው ሮዝህን ያያል፤ ገንዘቡን የከፈልከው አንተ ያልመረጥከውን ጥቁር ታያለህ። ትናንት ነጭ ጠርዝ የጠየቀን ሰው «ለታይታ ነው» ብለው ያሳፈሩት እነማን ነበሩ? ዛሬ ቢጫውን ጀርባ ለመንገደኛ እያሳዩ የሚሄዱት ራሳቸው ናቸው! ታይታ እንግዲህ የትኛው ነው?

የነጩን መጥፋት ያመጣው «ግድ የለኝም» ነው። ፈላጊው ዝም ያለበትን ዕቃ ማን ይሠራል? አሜሪካ ያለ ዘመድ ሊመጣ ሲል ደውሎ «የትኛውን ላምጣልህ?» ይላል። ልቡ ነጩን እየፈለገ «ኧረ አንተ ደስ ያለህን» ይመልሳል የእኛ ሰው፣ በይሉኝታ። የሚላክለትን ሲቀበል ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ በገዛ ገንዘቡም፣ በገዛ እጁም፣ ባንኮኒ ፊት ቆሞ ያንኑ ይላል። ኋላ ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ያማርራል። ሻጩ ፊት ያልወጣች ቃል ሳሎን ውስጥ ምን ትሠራለች?

ነጩ ዛሬ ያለው ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ነው፤ እሱም እየሳሳ ነው። ልትገዛ ስትሄድ ሁለቱንም አስወጣ። ሁለቱንም አስበራ። የምታነበውን ዓይነት ነጭ ገጽ ሁለቱም ላይ ክፈትና ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። ከዚያ በኋላ ሻጩ ዓይንህን እያየ «ያው ነው» ይበልህ።