ስሙ አንድ፣ ይዘቱ ብዙ፦ የቆርቆሮ አልባ ነሐስ የደረጃ መለያ ለምን ያሻል?

የዓለም የቆርቆሮ ማዕድን ገበያ ባለፉት ዓመታት በተደጋጋሚ ተናውጧል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2023 በማይናማር የዋ ግዛት አስተዳደር የማዕድን ቁፋሮን አገደ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2025 ደግሞ በምሥራቅ ኮንጎ ውጊያው በመቃረቡ የቢሲዬ ማዕድን ማውጫ ሥራውን ለጊዜው አቆመ። ቆርቆሮ በተወደደ ቁጥር ብረታ ብረት የሚያቀልጡና የሚሸጡ ሁሉ ዓይናቸውን ቆርቆሮ ወደሌለበት ነሐስ ማዞራቸው አይቀርም። ጉዳዩ ከዱባይ ክሪክ ዳርቻ፣ ከሻርጃ የኢንዱስትሪ ሰፈሮችና ከአጅማን የጀልባ መሥሪያዎች የራቀ አይደለም።

እዚህ ላይ ቆርቆሮ ስንል ቤት የሚከደንበትን ማለታችን አይደለም፤ እርሱ በዚንክ የተለበጠ ብረት ነው። የምንናገረው በጥንቱ ዘዴ ከመዳብ ጋር ተቀይጦ ነሐስ ስለሚሆነው ነጭና ለስላሳ ማዕድን ነው። የስም መምታታቱ በዚህ አያበቃም። በአማርኛ መዳብና ቆርቆሮ የተቀላቀሉበትንም፣ መዳብና ዚንክ የተቀላቀሉበትንም በልማድ «ነሐስ» እንላቸዋለን። በዐረብኛ ግን «ኑሓስ» የሚባለው መዳቡ ራሱ ሲሆን፣ የዚንኩ ቅይጥ «ኑሓስ አስፈር»፣ የቆርቆሮው «ብሩንዝ» ይባላል። ስለዚህ አንድ ኢትዮጵያዊ ሠራተኛና አንድ ዐረብ ነጋዴ ተመሳሳይ የሚመስል ቃል እየተናገሩ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ሊያስቡ ይችላሉ።

ቆርቆሮ አልባ ነሐስ መናኛ ምትክ ተደርጎ መታየት የለበትም። መዳብ ከአልሙኒየም፣ ከሲሊከን፣ ከማንጋኒዝ ወይም ከቤሪሊየም ጋር ሲቀየጥ የየራሱ ጠባይ ያለው ነሐስ ይገኛል። ከሁሉ በስፋት የሚታወቀው የአልሙኒየም ነሐስ ነው። በላዩ የሚፈጠረው ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ከባሕር ውኃ ጉዳት ይጠብቀዋል። የአልሙኒየም ነገር ከተነሳ ደግሞ ዱባይ ባለቤት እንጂ እንግዳ አይደለችም፤ በጀበል አሊ ከ1979 ጀምሮ አልሙኒየም ይመረታል፣ ዱባልና ኤማል የተባሉት ኩባንያዎችም ተዋሕደው በ2014 የኤምሬትስ ግሎባል አልሙኒየም አካል ሆነዋል።

ችግሩ የሚመጣው ከስያሜው ነው። ሩሲያና ጎረቤቶቿ ቆርቆሮ አልባ ነሐሶችን በሁለት መስፈርቶች ይመድባሉ፦ ጎስት 493-79 ቀልጠው በቅርጽ የሚፈሱትን፣ ጎስት 18175-78 ደግሞ በመጨፍለቅና በመዳመጥ የሚሠሩትን ይመለከታል። «ብራዥ 9-4» የሚለው መለያ ሲፈታ 9 በመቶ ገደማ አልሙኒየምና 4 በመቶ ገደማ ብረት ያለበት ነሐስ ማለት ነው፤ ስሙ ራሱ ይዘቱን ይናገራል። አሜሪካውያን ግን «ሲ95800» ብለው ቁጥር ይሰጣሉ፤ ሰንጠረዡ የሌለው ሰው ከቁጥሩ ምንም አያነብም። አውሮፓውያን «ኢኤን 1982» በተባለው መስፈርታቸው ተመሳሳይ ቅይጥ አላቸው፤ ሆኖም የአሜሪካው አልሙኒየምን ከ8.5 እስከ 9.5 በመቶ ሲወስን የአውሮፓው እስከ 10.5 በመቶ ይፈቅዳል። ዘመዳሞች ናቸው፣ መንታ ግን አይደሉም። ከሦስቱም ወገን ዕቃ በሚገባበት ወደብ ይህን ልዩነት አለማወቅ ዋጋ ያስከፍላል።

የመርከብ ፕሮፔለር ጥሩ ማሳያ ይሆነናል። የዓለም አቀፍ የመርከብ ምደባ ማኅበራት ጥምረት የፕሮፔለር ቅይጦችን በአራት ደረጃ ይከፍላል። የመጀመሪያው «የማንጋኒዝ ነሐስ» ቢባልም ከ35 እስከ 40 በመቶ ዚንክ አለበት፤ በይዘቱ «ኑሓስ አስፈር» ነው። ሦስተኛው የኒኬልና የአልሙኒየም ነሐስ ሲሆን ዚንኩ ከ1 በመቶ፣ ቆርቆሮው ከ0.1 በመቶ መብለጥ የለበትም። የመጀመሪያው ሲጎተት ቢያንስ 440 ሜጋፓስካል መቋቋም ይጠበቅበታል፣ ሦስተኛው 590። ሁለቱም የተፈቀዱ ናቸው፤ የፕሮፔለሩ ክንፍ ውፍረት ግን የሚሰላው በተመረጠው ደረጃ ነው። አንዱን በሌላው መተካት ስሌቱን ያፈርሳል።

በተጨማሪም ዚንክ የበዛበት ቅይጥ በባሕር ውኃ ውስጥ ዚንኩ ተለይቶ ሊወጣና የሚቀረው መዳብ እንደ ስፖንጅ ሊቦረቦር ይችላል። ቅርጹ ሳይለወጥ ጉልበቱ ይከዳል። የባሕረ ሰላጤው ውኃ ሞቃትና ከውቅያኖሶች አማካይ ይልቅ ጨዋማ በመሆኑ ይህ ስጋት እዚህ ይበልጥ ይከብዳል። የማኅበራቱ ደንብ በቀጥታ የሚገዛው እነርሱ የሚመድቧቸውን መርከቦች ነው። ከክሪክ ጭነት ይዛ ወደ ሶማሊያ ወይም ወደ ኢራን የምትጓዝ የእንጨት ጀልባ ጠባቂዋ የባለቤቷ ጥንቃቄና ጥገናውን የሚሠራው ሰው ታማኝነት ነው።

ሁለተኛው ስጋት የባሕር ሳይሆን የሳንባ ነው። የቤሪሊየም ነሐስ 2 በመቶ ገደማ ቤሪሊየም የያዘ፣ ለስፕሪንግና በነዳጅ ሥራ ላይ ብልጭታ ለማይፈጥሩ መሣሪያዎች የሚመረጥ ቅይጥ ነው። በጠንካራነቱ አገልግሎቱ ትልቅ ነው፤ ሲፈጭ ወይም ሲቀልጥ የሚወጣው ብናኝና ጭስ ግን የማይድን የሳንባ በሽታ ሊያስከትል ይችላል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2017 በሥራ ቦታ አየር ውስጥ የሚፈቀደውን መጠን በሜትር ኩብ 0.2 ማይክሮግራም አድርጎታል። በቁርጥራጭ ብረታ ብረት ክምር ውስጥ ይህን ቅይጥ ከሌላው በዓይን መለየት ያስቸግራል። በእጅ የሚያዘው የኤክስሬይ መመርመሪያም ቤሪሊየምን አያይም። ለግራይንደር ሠራተኛ የደረጃ መለያው ከጭንብል በፊት የሚመጣ ጥበቃ ነው።

ቅይጥን የመለየት ጥያቄ ለሙስሊሙ ዓለም አዲስ አይደለም። አል-ኻዚኒ በ1121 ባጠናቀቀው «ሚዛን አል-ሒክማ» ብረታ ብረትን በአየርና በውኃ ውስጥ እየመዘነ ንጹሑን ከተቀየጠው የሚለይበትን መንገድ አብራርቷል። ሙሕተሲብ የሚባለው የገበያ ሹምም ሚዛንንና የሸቀጥ ማጭበርበርን ይቆጣጠር ነበር። የውኃው ሚዛን ዛሬም ይሠራል፦ የቆርቆሮ ነሐስ በሴንቲ ሜትር ኩብ ወደ 8.8 ግራም፣ የአልሙኒየም ነሐስ ወደ 7.6 ግራም ይመዝናል። የቤሪሊየሙና ዚንክ የበዛበት የማንጋኒዝ ነሐስ ግን ሁለቱም ወደ 8.3 ይጠጋሉ፤ ሚዛን ብቻውን አይለያቸውም። ስለዚህ ሰነድ ያስፈልጋል።

በተባበሩት አረብ ኤምሬትስ የመስፈርት ሥራን የሚመራው በ2020 የቀድሞውን የስታንዳርድ ባለሥልጣን የተረከበው የኢንዱስትሪና የላቀ ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ነው። ይሁንና የመስፈርት መኖር ብቻውን ገዢን አይጠብቅም፤ ገዢው ሊጠይቅበት ይገባል። የደረጃው ቁጥርና መስፈርቱ በደረሰኙ ላይ ይጻፉ። አምራቹ የሚሰጠው ምስክር ወረቀት በአውሮፓው አሠራር «3.1» የሚባለው ይሁን፤ «2.1» የሻጭ ቃል ብቻ ሲሆን «3.1» የዚያኑ ምርት የምርመራ ውጤት ይይዛል። ምንጩ ያልታወቀ ቁርጥራጭ ደግሞ ከመፈጨቱ በፊት ቤሪሊየምን መለየት በሚችል ቤተ ሙከራ ይታይ።

ቆርቆሮ ይወደድም ይርከስም፣ ቆርቆሮ አልባ ነሐስ በዚህ ወደብ መሸጡ ይቀጥላል። በሐቅ መሸጡ ግን የሚታወቀው በመልኩ ወይም በስሙ ሳይሆን አብሮት በሚጓዘው ወረቀት ነው። ያን ወረቀት መጠየቅ የባሕርተኛውንም የሠራተኛውንም ነፍስ የሚጠብቅ፣ ከሁሉም ርካሹ መድን ነው።