ሁሉም ሊቀ መንበር

በዚህ ሳምንት ያናደደኝ ሰርተፍኬት ነው። አዎ፣ እንደገና። የዓምዱ ደንበኞች “ይኼን ሰውዬ ከወረቀት ጋር ምን አጣላው?” እንደምትሉ አውቃለሁ።

የጎረቤቴ ልጅ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ክላሰር ሙሉ ሰርተፍኬት ታቅፎ መጣ። “ጋሼ፣ አሜሪካ ያለችው ያክስቴ ልጅ የክብር ተማሪዎች ማኅበር አባል ናት። ኮሌጅ ስታመለክት ትጽፈዋለች አሉ። የኔስ ይሠራል?” አለኝ። አገላበጥኩለት። የሚኒ ሚዲያ፣ የቀይ መስቀል፣ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ። ሁሉም “ላሳየው የላቀ ተሳትፎ” ይላል፤ አንዱ ላይ ማኅተሙ የልጁን ስም ግማሹን ውጦታል። “አካባቢ ጥበቃ ላይ ምን ሠራህ?” ብለው “ፎቶ ተነሥተናል” አለኝ። እሱስ አልዋሸም። ማታ ማታ ለሰፈሩ የ9ኛ ክፍል ልጆች ሒሳብ እንደሚያስጠና ግን ያነሣው ሊወጣ ሲል ነው። ለዚያ ሰርተፍኬት የለውማ!

እኛ አገር ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ያ ሁሉ ክላሰር ቅንጣት አይጨምርም። ከ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ወዲህ ብዙው ተማሪ የ12ኛ ክፍልን ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ ይወስዳል፤ የሚቆጠረው ውጤቱ ነው። በ2015 ዓ.ም. ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 ከመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ከመቶ ብቻ ነበሩ። “የአንድ ሰሞን ፈተና ልጅን አይለካም፣ ክበቡም ይቆጠርለት” የሚሉ አሉ። አይቆጠር! በተቆጠረ ማግሥት እዚህ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሊቀ መንበር ያልሆነ ተማሪ አይገኝም፤ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ጸሐፊ እንኳ ይጠፋል። በጸጥታ ችግር ምክንያት ትምህርት ቤቱ የተዘጋበት የገጠር ልጅስ በየትኛው ክበብ ይሳተፍ?

አሜሪካኖቹም ቢሆኑ የክብር ተማሪዎች ማኅበሩን ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1921 ነው። አባሉ ከመብዛቱ የተነሣ አሁን ስሙ ብቻውን አመልካቹን ከጓደኛው አይለየውም። ያክስትየዋን ልጅ የሚጠቅማት በማኅበሩ ውስጥ የሠራችው ሥራ ነው።

ክብርን ከሥራ ጋር ማሰርስ ቅኔ ቤት ያውቅበታል። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ባለፉባቸው በደብረ ኤልያስና በዲማ፣ ቅኔው የጠናለት ተማሪ አስነጋሪ ይሆናል። አስነጋሪ መሆን ጭንቅ ነው። ጀማሪው የቆጠረውን አጭር ቅኔ፣ ጉባኤ ቃናውን፣ ይዞ ይመጣል፤ አስነጋሪው ይሰማል፣ ያርማል፣ ቤት ያልመታውን መልሶ ይሰዳል። የራሱን ቅኔም ለመምህሩ መንገር አይቀርለትም። ማኅተም የለው፣ ክላሰር የለው፤ ሐሰተኛ አስነጋሪ ግን ከፊቱ የተቀመጠው ጀማሪ ራሱ ያጋልጠዋል።

ርእሳነ መምህራን ሆይ፣ ሰኔ ላይ ማኅተም ከማንሣታችሁ በፊት ልጁ ማንን እንዳስጠና ጠይቁት። ማንንም ካላስጠና ወረቀት አትጨርሱ።